የአሥራ ስድስት ቀን እንቁላል

ሐኪሙ ለእናቴ በቀን ሁለት እንቁላል ያዘዘላት ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። የሚያስተረጉምለት ድሬሰር ከጎኑ ቆሞ፣ «መርፌው ብቻውን አይሠራም ይላል። ሳምባዋ እንዲድን ሰውነት ያስፈልጋታል። ወተት፣ ቅቤ፣ በተለይ እንቁላል ትብላ» አለኝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ሰምታ ጨረሰችና ቀና ብላ ድሬሰሩን አየችው።

«አንተ ልጄ፣ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?»

ድሬሰሩ አንገቱን ደፋ። የተባለውን ለፈረንጁ አላስተረጎመለትም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ኮልፌ ውስጥ፣ ከቀራንዮ መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለች የጭቃ ቤት የምንኖረው እናቴና እኔ፣ ከአምስት ዶሮዎች ጋር ነበር። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ ግን እጄ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ እሳቸውንም፣ ጾሙንም፣ ሌላም ብዙ ነገር በልቤ ሽሬ ጨርሼ ነበር። ሰው በዚያ ዕድሜው ሀገር ለመገልበጥ አይቸገርም። የቸገረኝ አንዲት ከሲታ ሴት እንቁላል እንድትበላልኝ ማድረግ ነው።

ዶሮዎቹ ስለ ሁዳዴ የሚያውቁት ነገር የለም። እንዲያውም የቤታችን ዶሮዎች በዓመት ውስጥ አብዝተው የሚጥሉት ልክ በዚያ ወቅት ነበር። እናቴ እያሳላት በየማለዳው ትወጣና ከጎጇቸው ውስጥ እንቁላሉን ታነሳለች። ጡጫዋን ጨብጣ፣ በጡጫዋ ቀዳዳ ላይ አስቀምጣ ወደ ፀሐይ ትይዘዋለች። ውስጡ ጥርት ያለ ከሆነ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋ ፉርሽካ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ትቀብረዋለች። ለፋሲካ ነው። የተረፈውን ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ይገዟታል። እንግዲህ በየቀኑ መድኃኒቷን በእጇ ይዛ፣ ፀሐይ ላይ አይታ፣ ደህና መሆኑን አረጋግጣ ታስቀምጠዋለች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ተከራከርኩ። ክርክር እችል ነበር። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጠቀስኩ፤ ለማላምንበት ነገር ብዙ ጥቅስ አውቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የንስሐ አባቷን ለምኜ አመጣኋቸው። ቄሱ ጥሩ ሰው ናቸው፤ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው በደንብ አዩዋት።

«ሕመምተኛ ጾም የለበትም ልጄ። ፈትቼሻለሁ፤ የታዘዘልሽን ብዪ።»

«እርስዎ ከፈቱኝ ይበቃኛል አባ» አለች። «መብላቱ ይቅርብኝ።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ፤ ምን ላድርግህ እንደማለት።

በዚያ ሰሞን ምግቡን የማበስለው እኔ ነበርኩ፤ እሷ እሳት አጠገብ መቀመጥ አትችልም ነበር። ወንድ ልጅ ማድ ቤት ገብቶ ሽንኩርት ሲከትፍ መታየቱ ለሰፈሩ ትልቅ ወሬ ነው። ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ አይተውኝ፣ «አስተማሪው፣ እንባህን ጥረግ፤ ሚስት ሞታበት ነው የሚያለቅሰው ይሉሃል» ብለው ስቀውብኛል።

እኚህ ሴት የስልጤ ሰው ናቸው፤ ባላቸው መርካቶ ጨርቅ ይነግዳሉ። ከእናቴ ጋር አሥራ አምስት ዓመት አጥር ተጋርተዋል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ሥጋ አይተላለፍም፤ በማን እጅ ታረደ የሚል ጥያቄ አለ። እንቁላል ግን አራጅ የለውም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በዚያ አጥር ላይ በነፃነት የሚሻገር የፍስክ ምግብ እንቁላል ብቻ ነበር። ተንኮሌን ያሰብኩት ከዚህ ተነስቼ ነው።

«እትዬ፣ እንቁላሉን እርስዎ ቤት ቢመቱልኝስ?» አልኳቸው። «በብርጭቆ ይዤ ሄጄ ሽሮዋ ውስጥ እጨምረዋለሁ። አታውቅም።»

እጃቸውን ከሊጡ ላይ አነሱ። «የሰው ጾም አፍርሺ ነው የምትለኝ?»

«እንድትድን ነው።»

«አንተ ያነበብከው መጽሐፍ ላይ እንዲህ ይላል?»

«እትዬ፣ እየሞተች ነው።»

ሊጡን መልሰው አሹት። «በእኛ የታመመ ሰው ይበላል» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። «ሲድን ያልጾመውን ቀን ይከፍላል። ወላሂ፣ የእሷም እንደኛ ቢሆን ጥሩ ነበር።» ከዚያ ተነስተው ጎድጓዳ ሳህን አመጡ።

እንቁላልን ሽሮ ውስጥ መደበቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያውን ሙከራ እሳቸው ቤት አደረግነው፤ የተመታውን እንቁላል የሚፈላ ሽሮ ላይ ስገለብጠው ክር ክር ሆኖ ተንሳፈፈ፤ ዕውር እንኳ በጣቱ ያውቀዋል። ሴትየዋ ድስቱን ከእሳት አወረዱትና አሳዩኝ። መጀመሪያ ሽሮው መፍላቱን ያቁም። ከዚያ ከትኩሱ ሽሮ በማንኪያ እየቀነሱ እንቁላሉ ላይ ማፍሰስና ቶሎ ቶሎ ማማሰል፤ እንቁላሉ ሙቀቱን ሲለምድ መልሶ ድስቱ ውስጥ መጨመር። ያኔ ይዋሃዳል፤ ሽሮው ትንሽ ቢጫና ወፍራም ይሆናል እንጂ ክር አይሠራም። ለቅርናቱ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ማብዛት ነው፤ እሱም ከእሳት ሊወርድ ሲል የሚገባ።

አንድ ነገር አስታውሳለሁ። ሴትየዋ ምንም ነገር ሲጀምሩ «ቢስሚላህ» ሳይሉ እጃቸውን አያነሱም። ለእናቴ የሚሆነውን እንቁላል ሲሰብሩ ግን ከንፈራቸውን ግጥም ያደርጉ ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንድ ኃጢአት ይበቃታል» አሉኝ።

እናቴ በላች። የመጀመሪያው ቀን ዓይኔን የት እንደማሳርፍ አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጉርሻዋን አላምጣ ዋጠችና፣ «ዘንድሮ ሽሮው ወዘና አለው። ሌላ ቦታ ገዛህ እንዴ?» አለችኝ።

«ያው የድሮው ነው።»

«እጅህ ነዋ እንግዲህ። ሴት ሆነህ ብትወለድ ኖሮ ትጠቅመኝ ነበር» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት።

እንቁላሉን በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ያለ ምርኩዝ እስከ አጥሩ ሄዳ ተመለሰች። ጉንጯ ላይ ትንሽ ደም ታየኝ፤ ወይም እንዲታየኝ ፈለግሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ ሊቅ እራመድ ነበር። ሳይንስ በሽሮ ድስት ውስጥ እምነትን አሸንፏል ብዬ ለራሴ ተርኬያለሁ፤ የዚያን ጊዜ አረፍተ ነገሮቼ እንደዚህ ነበሩ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጎረቤታችን አየር ጤና ለቅሶ ሄዱ። ሁለት እንቁላል በሳህን ትተውልኛል። ቸኮልኩና በድስቱ ጠርዝ ላይ ራሴ ሰበርኳቸው። አንዱ ከጎኑ ተሰባበረ፤ ስብርባሪውን በጣቴ ለቀምኩ፤ ሁሉንም የለቀምኩ መሰለኝ።

እናቴ ሁለተኛውን ጉርሻ ስታላምጥ ቆም አለች። ጣቷን አፏ ውስጥ አስገብታ አንድ ነጭ ነገር አወጣች፤ ከጥፍር አይበልጥም። መስኮቱ ወዳለበት አዙራ ያዘችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የነጭ ሽንኩርት ቅርፊት ይሆናል።»

በሁለት ጥፍሮቿ መካከል ጫን አደረገችው። ቀጭ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ እንቁላል በእጇ ያገላበጠች ሴት ናት፤ ያንን ድምፅ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ የትኛውን እንደምዋሽ ጠፋኝ። «አሥራ ስድስት ቀን።»

«ስበላ ታየኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ደስ ይልህ ነበር?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ተነስታ በረንዳው ላይ አፏን ተጉመጠመጠች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ መልስ ነበረኝ። ተመልሳ ስትገባ ያለችኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምበላውን እኔ እሠራለሁ» ብቻ ነው።

ማግስቱን የሽሮውን ሸክላ ድስት አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ለጎረቤታችን ላከችው፤ ያደረስኩት እኔ ነኝ። «የፍስክ ሆኗል፤ ያንቺ ይሁን በላት» ብላ። ሴትየዋ ድስቱን ሲያዩ ፊታቸው ወደቀ። ነጠላቸውን ደርበው ተከትለውኝ መጡ።

«አንቺም አለሽበት?» አለች እናቴ፣ ገና ከበሩ።

«አለሁበት።»

«የእኔ እንቁላል ነው ወይስ ያንቺ?»

«ያንቺው ነው፤ የሸጥሽልኝ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት፤ ቶሎ መለሰችው። «ተቀመጪ» አለቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው፤ «እናንተ ታማችሁ የበላችሁትን ቀን እንዴት ነው የምትመልሱት?»

ያኔ ምን እንደመጣ ገባኝ። ሴትየዋ በቅንነት አስረዷት፤ የበላሽውን ያህል ቀን ቆጥረሽ ስትድኚ ትጾሚያለሽ አሏት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አምሳ ዓመት በክርስትናዋ ኖራ፣ ለዕዳዋ መክፈያ የሚሆን ሥርዓት ያገኘችው አጥር ማዶ ነው። ያንን ሥርዓት ያመጣሁባት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማድ ቤት ገባች። ማድ ቤታችን መስኮት አልነበረውም፤ የምናነደው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ጭሱ ጤነኛውንም ያስለቅሳል። ውጭ ቆሜ ስትስል እሰማለሁ። ልግባ ስላት፣ «ውጣ፤ እጅህን አላምነውም» ትለኛለች፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ደመወዝ ስቀበል ጭስ የሌለው የላምባ ምድጃ ገዝቼ አመጣሁላት። ዞር ብላ አሸተተችው። «ወጡ ላምባ ላምባ ይላል» አለችና ወደ ጭሷ ተመለሰች። እንቁላል ባላበላት ኖሮ አልጋዋ ላይ ትተኛ ነበር። ይህን ሂሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ሌላ መልስ አልወጣልኝም።

ከጎረቤታችን ጋር ግን ታረቀች። ሳምንት ሳይሞላ፣ እሳቸው ቤት ሽምብራ ሲቀቀል ለእናቴም ይመጣል፤ ትበላለች። ተናደድኩ። «እንቁላሉን የመቱት እሳቸው ናቸው እኮ» አልኳት።

«የእሷ ሃይማኖት ሌላ ነው፤ ምን እንደወሰደችብኝ አታውቅም» አለች። «አንተ ታውቃለህ።»

ፋሲካ መጣ። ፉርሽካ ውስጥ የተቀበሩትን እንቁላሎች አውጥታ ቀቀለቻቸው። ስትልጣቸው አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ቅርፊቱ እንደ ልብስ ይወልቅላታል። «የሰነበተ እንቁላል ነው ለልጣጭ የሚመቸው» አለችኝ። «የዛሬ እንቁላል ቆዳውን አይለቅም፤ ሥጋውን ይዞ ይነሳል።» ሳታስበው እያስተማረችኝ ነበር፤ ዝም ብዬ ሰማሁ፣ እንዳታቆም ብዬ።

የንስሐ አባቷ ለበዓል ሲመጡ ጉዳዩን ነገረቻቸው፤ ከማግስቱ ጀምሮ አሥራ ስድስት ቀን ልትጾም መሆኑን።

«በእኛ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም» አሉ ቄሱ። «ደግሞም ሳታውቂ የበላሽው አይቆጠርብሽም።»

«ለእርስዎ አይቆጠር ይሆናል አባ። እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ።»

«በዓለ ሃምሳ ነው፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። አይፈቀድልሽም።»

በዚህ ተሸነፈች። ትእዛዝ ነዋ። እንግዲህ ለሃምሳ ቀን መብላት ግዴታዋ ሆነ። ዕድሌን ልሞክር ብዬ በማግስቱ፣ «እማዬ፣ እንቁላል ልጥበስልሽ?» አልኳት።

ብዙ አሰበች። «ቀቅለህ በቅርፊቱ አምጣልኝ። አትላጠው።»

በዚያ በተናቀው የላምባ ምድጃ ቀቀልኩና በሳህን አቀረብኩላት። አንስታ አገላበጠችው፤ ስንጥቅ እንደሌለው አረጋገጠች፤ ከዚያ ራሷ ልጣ በጨው በላችው። ከእጄ የምትቀበለው ምግብ ይህ ብቻ ሆነ፤ ሌላ ነገር ሊጨመርበት የማይችል ምግብ ስለሆነ። ሐኪሙ ያዘዘው ሁለት እንቁላል እንዲህ ተፈጸመ። መሞቷን ፈርቼ ስለምናት እምቢ ያለችውን፣ ባታለልኳት ምክንያት በየቀኑ በላችው። ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ ወይም የማድ ቤቱ ጭስ ቀድሞን ነበር። ከግንቦት ጀምሮ ጣቶቿ ደከሙ፤ ቅርፊቱን መስበር አቃታት። ያኔ ፊት ለፊቷ አስቀምጣኝ፣ ዓይኗን ከእጄ ሳትነቅል፣ እኔ እንድልጥላት ፈቀደች።

የሰኔ ጾም ሲገባ እንቁላሉ ቆመ። እሷም አልጋዋ ላይ ሆና ቀኗን ማስላት ጀመረች። የሰኔ ጾም የራሱ ጾም ነው፤ አንድ ቀን ለሁለት አይቆጠርም። ሐምሌ አምስት ይፈታል። ከሐምሌ ስድስት እስከ ፍልሰታ ዋዜማ ሃያ አምስት ቀን አለ። ከዚያ ውስጥ ሰባቱ ረቡዕና ዓርብ ናቸው፤ እነሱም ቀድሞውኑ የጾም ቀኖች ስለሆኑ ይቀነሳሉ። አሥራ ስምንት ይቀራል።

«አሥራ ስድስቱን ልጾም» አለች፤ ከበሽታዋ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አላየኋትም። «ሁለት ቀን ይተርፈኛል። የሐምሌ መጨረሻ እሑድና ሰኞ ይውላል። እነዚያን ሁለት ቀን እንቁላል እበላልሃለሁ።»

«ትኩስ ነው የሰነበተ የምትፈልጊው?» አልኳት።

«የሰነበተ። ትኩሱን መላጥ አታውቅበትም።»

አሥራ ስድስት ፍሬ ሽምብራ በሲኒ ውስጥ አስቀመጠች። የጾመችበት ቀን ሲያልቅ ምሽት ላይ አንድ ፍሬ አውጥታ ከትራሷ ሥር ታደርጋለች። ሐኪሙ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ፤ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ይህ ትርጉም አላስፈለገውም። ጎረቤታችን እየመጡ ያለ ዘይት የተሠራ አጥሚት በማንኪያ ያጠጧታል። እኔ አልጋው እግርጌ ተቀምጬ መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ አላነብም። ዶሮዎቹ ክረምቱንም ጨርሰው ሳያቆሙ አልፎ አልፎ ይጥላሉ፤ እንቁላሉን አመጣላታለሁ፤ ፀሐይ ስለሌለ በላምባው ብርሃን አይታ፣ «ደህና ነው፤ ቅበረው» ትለኛለች።

ሐምሌ ሃያ ሦስት፣ ሰኞ ጠዋት ሞተች። ሲኒው ውስጥ አራት ሽምብራ ቀርቷል።

ከቀብር ስንመለስ ጎረቤታችን በድንኳኑ ጥግ ይዘውኝ፣ «ቀኗን ጨርሳ ነበር?» አሉኝ።

«አራት ቀርቷታል።»

«በእኛ ልጅ ለእናቱ ይጾማል» አሉና ሄዱ።

በማንም ፊት ጾም ዋጋ የለውም ብዬ የተከራከርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም ተከራከር ብትሉኝ እከራከራለሁ። ግን ሳስበው በዚያ ቀን የበላሁት የለቅሶ ንፍሮ ብቻ ነበር። ሳላውቅ አንዱን ጾሜዋለሁ። ማታ አንድ ሽምብራ አወጣሁ። ማክሰኞም፣ ሐሙስም፣ ቅዳሜም እንዲሁ አደረግሁ። ሠልስቱ የዋለው ረቡዕ ስለሆነ ዶሮ ወጡ ድንኳኑ ውስጥ የቀረበው በማግስቱ፣ ሐሙስ ነው፤ ፉርሽካ ውስጥ የነበረውን እንቁላል ሁሉ የሰፈር ሴቶች አውጥተው ጨምረውበታል። ከጎኑ ሽሮም ሠርተው ነበር። ሽሮውን በላሁ። ወዘና አልነበረውም።

እሑድ ጠዋት ከዶሮዎቹ አንዷ ጮኸች። ጎጆው ውስጥ እጄን ሰድጄ እንቁላሉን አነሳሁ፤ ገና ትኩስ ነው፤ ላባ ተጣብቆበታል። በላምባ ምድጃው ላይ ውኃ ጣድኩ፤ ቀቀልኩት፤ በቀዝቃዛ ውኃ ነከርኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጬ መላጥ ጀመርኩ። ቅርፊቱ ነጩን ይዞ ይነሳል። በሌላ በኩል ሞከርኩ፤ እሱም ያው ነው።

ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ አይተውኛል መሰለኝ።

«ትኩስ ነው፤ አይላጥልህም» አሉኝ።

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ሦስት ቀን አታቆየውም?»

«ዛሬና ነገ ብቻ ነው የቀራት፤ ማክሰኞ ፍልሰታ ይገባል» አልኳቸው።

ከአጥሩ ዞር አሉ። እኔም መላጤን ቀጠልኩ፤ እጄ ውስጥ አስኳሉ ብቻ እስኪቀር ድረስ።